ድንች የመሰለው ሥር

ኤርጎጌ በልታ እጇን ከታጠበች በኋላ ነው ባሏ ወደ ጓዳ የገባው። ሱቁ ደንበኛ በዝቶበት የምሳ ሰዓት አልፎት ነበር። ሀቢሶ የድስቱን ክዳን አነሳና፣ «ይሄን ደግሞ ከየት አገኘሽው?» አላት።

«እንዳላወቀ ይሆናል እንዴ!» አለች ፊቷ በርቶ። «የወላይታ ድንች፣ ሶዌቶ ውስጥ! ልታስደንቀኝ ብለህ ከሽንኩርቱ ጆንያ ኋላ የሸሸግኸውን አገኘሁብህ።»

ሀቢሶ ክዳኑን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እሱ ድንች አልሸሸገም። የሸሸገው የጎጎ ማሲቢያን ፌስታል ነበር።

ጎጎ ማሲቢያ ከሱቁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ቤት የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ እዚህ አገር አያት የሆነችን ሴት ሁሉ ጎጎ ይላሉ። የተወለዱት ሩቅ ነው፣ ድራከንስበርግ ከሚሉት ትልቅ ተራራ ላይ፣ ከሣር በቀር ምንም ከማይበቅልበት ከፍታ። እሑድ ዕለት ከዚያ ሲመለሱ ወደ ሱቁ መጥተው በፍርግርጉ ቀዳዳ ፌስታሉን ሰጡት። «የኔ ቤት ቆርቆሮው ይጋግራል፣ ይደርቅብኛል። ያንተ ጓዳ ቀዝቃዛ ነው፤ እስክፈልገው አኑርልኝ» አሉት። የተለመደ ነው። የሰፈሩ ሰው ቁልፉንም፣ የቀብር ሥጋውንም፣ ከልጆቹ የሚሸሽገውን ብስኩትም እኛ ዘንድ ያስቀምጣል። «ምንድነው ጎጎ?» ቢላቸው «ሙቲ ነው፣ ማንም እንዳይነካው» አሉት።

ሙቲ ከሥርና ከቅጠል የሚቀመም የባህል መድኃኒት ነው። ሀቢሶ ግን ቃሉን ሲሰማ ጠንቋይ ነው የታየው። ጸሎተኛ ልጅ ነው። እምቢ እንዳይል ደግሞ፣ ጎጎ ሱቁ ሊዘረፍ በነበረበት ክፉ ቀን በሩ ላይ ቆመው ያስጣሉት ሴት ናቸው። ስለዚህ እጁ እንዳይነካው ፌስታሉን በመጥረጊያ እንጨት እየገፋ ከሽንኩርቱ ኋላ ሰደደው። ለሚስቱም ምንም አልነገራት፤ ቢነግራት «ከቤቴ አውጣልኝ» ማለቷ አይቀርም ነበር።

እኔ በዚያ ሰዓት በሚቀጥለው መንገድ ካለው ሱቄ በር ላይ ነበርኩ። ጋሽ ተማም ዱቄት ያወርዳል። ተማም የስልጤ ሰው ነው፤ በባኪው፣ ኋላዋ ክፍት በሆነችው ፒክአፑ ማለቴ ነው፣ ስፓዛ ለሚባሉት ትናንሽ የሰፈር ሱቆቻችን ዕቃ እያዳረሰ የሚውል። ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ ምሕረቱ፣ ድረስልኝ» አለ ሀቢሶ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ኤርጎጌ የማላውቀውን ነገር በላች።»

ሱቁን ለባለቤቴ ለፊቤ ትቼ ከተማም ጋር ሄድኩ። ኤርጎጌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። መውለጃዋ ሩቅ አልነበረም። ከዚህ በፊት የፀነሰችው አልቆየላትም፤ ይሄን ሁላችንም በጸሎት ስንጠብቀው የነበረ ልጅ ነው።

«ያምሻል?» አልኳት።

«አያምም ጋሼ። ቢያም ይሻለኝ ነበር። ዝም አለ።»

«ማን?»

«ልጁ ነዋ! ምሳ ስበላ ሁልጊዜ ይራገጣል፤ ሰሃን የሚገለብጥብኝ ጊዜ አለ። ዛሬ ግን ዝም።»

ተማም ድስቱ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ፍሬ አውጥቶ በጣቶቹ ጨመቃት። እንደ ተልባ ውሃ ተዝለገለገች። «ይሄማ ድንች አይደለም» አለ። «ድንች ሲበስል ይፈረፈራል እንጂ አይዝለገለግም።»

«መዝለግለጉን መች አጣሁት!» አለች ኤርጎጌ። «የዚህ አገር አፈር ነው እንዲህ ያደረገው ብዬ ነው። ምሬትም ነበረው። በዳጣ ሸፈንኩት። አማረኝ፣ ምን ላድርግ፤ አማረኝ!»

«አደራ በላ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ» አለ ተማም፤ «ቀቅሎ በዳጣ የበላ ሰው ግን ወላሂ ዛሬ አየሁ።»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረና ጉልበቷ ላይ ተደፋች።

«ክሊኒክ እንውሰዳት» አልኩ።

ሀቢሶ አንገቱን ነቀነቀ። «በሩ ላይ ሰዎች ቆመዋል ጋሼ። መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ የውጭ ሰው ከሆንክ ይመልሱሃል። የሚፍታህን ሚስት ትኩሳት እያንቀጠቀጣት መለሷት። ከተማ ወዳለ የግል ሐኪም እንሂድ ብንልም፣ ሐኪሙ 'ምን በላች?' ማለቱ አይቀርም። ምን እንበለው? ሥር?»

«እንግዲያስ የሥሩን ስም ጎጎን ጠይቅ» አለ ተማም።

«አንተ ደግሞ፣ ጋሽ ተማም! ሰፈሩን አታውቀውም? ሕፃናት በምግብ ተመርዘው የሞቱ ጊዜ ምን እንደሆንን ረሳኸው? ያን ጊዜ እንኳ ያልሸጥነውን ምግብ ነው በእኛ ያሳበቡት። ዛሬ የጎጎን መድኃኒት የውጭ ሰዎቹ ሰርቀው በሉት ከተባለ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሄ ሱቅ ባዶ ግድግዳ ነው የሚሆነው።»

ይሄን ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ፍርግርጉ ያያል። ከፊት በኩል አንድ ሰው ሳንቲሙን ብረቱ ላይ እያንኳኳ «ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!» ይላል። ሀቢሶ ዳቦውን ሰጥቶ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

እኔ የሁሉንም ሰማሁ። የሚፈሩት ጎጎን ነው። የሚያድናቸውም ነገር ቢኖር ጎጎ የሚያውቁት ነገር ነው። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ አፌን ያዝልኝ» አልኩና የመጣልኝን ተናገርኩ። በአገራችን የበደለ ሰው ብቻውን አይሄድም።

«ሽማግሌ እንሁን» አልኩ። «አሁኑኑ።»

ለመንገድ ተነሳሁ፤ ሀቢሶ ግን ሻንጣ ውስጥ ይፈልጋል።

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ጃኬት ነዋ ጋሼ። በቲሸርት ሽማግልና አለ እንዴ?»

አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለተማም ሰጠን። የተማም ትከሻው ላይ አልደርስ ብሎ እጁን እንደ ክንፍ አንጠለጠለው። ተማም ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም ብሎ አንድ ሳጥን ለስላሳ ተሸከመ። በዚያ በየካቲት ሙቀት ሦስታችን ጃኬት ለብሰን የጎጎ በር ላይ ተሰልፈን ቆምን፤ ሀቢሶ ከኋላችን አንገቱን ደፍቶ። ወደ ውስጥ ተጣራሁ።

ማዶ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች አዩን። አንዷ እልል አለች።

«ጎጎ ማሲቢያ! ኧረ ውጪ! ባል መጣልሽ!»

«ሦስት ነው የመጣላት!»

«ማይ ፍሬንድ፣ ላሞቹስ የት አሉ? ለስላሳ ብቻ ነው እንዴ የያዛችሁት?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዙሉዎች ዘንድ ጃኬት ለብሰው በር ላይ የሚሰለፉና ከውጭ የሚጣሩ ወንዶች ጥሎሽ ለመነጋገር የመጡ ናቸው። ሳቁ ሰው ሰበሰበ። ከግንቡ ላይ ጎረምሶች ወርደው መጡ፤ ሕፃናት ተንጠላጠሉ። በድብቅ እንጨርሰዋለን ያልነው ነገር መንገዱን ሞላው።

ጎጎ ወጡ። አጭር፣ ወገባቸው ጠበቅ ያለ ሴት ናቸው። ሳቁን አልሳቁትም፤ ፊታችንን ነው ያዩት። በሩን ከፍተው አስገቡንና «ተቀመጡ» አሉን።

አልተቀመጥንም። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይሰሙለት፣ እሺ ሳይሉት አይቀመጥም። ደግመው «ተቀመጡ እንጂ» አሉ። እኔ በዙሉኛ፣ «ጎጎ፣ የምንነግርዎትን ሳይሰሙ መቀመጥ አንችልም» አልኳቸው።

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

«ማነው የሞተው?» አሉ። «ልጄ ነው? ታክሲው ነው የተገለበጠው?»

ልጃቸው በደርባን መንገድ ታክሲ ይነዳል። ጃኬታችንና መቆማችን ለእሳቸው የመርዶ ምልክት ነበር። ይዘን የመጣነውን ፍርሃት ሳናስበው እሳቸው ላይ ጫንነው።

«አይ ጎጎ፣ ማንም አልሞተም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «እስካሁን» የምትለውን ቃል ግን ዋጥኳት።

ሀቢሶ ከኋላችን ወጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። በተሰባበረ ዙሉኛ ነው የነገራቸው፤ ፌስታሉን፣ ዝም ማለቱን፣ ድስቱን። ጎጎ አላቋረጡትም። ሲጨርስ «ቀቀለችው?» አሉ።

«አዎ ጎጎ።»

«በላችው?»

«አዎ። አንዲት ብቻ ቀርታለች።»

ከውስጠኛው ክፍል የሴት ድምፅ መጣ። «እማ፣ ምንድነው የሚሉት?»

«ምንም አይደለም ኖኩቱላ። ተኚ አንቺ።»

ኖኩቱላ ሴት ልጃቸው ናት። ፀንሳ፣ እንዳትነሳ ተብላ ከገና ጀምሮ ተኝታለች። የቀደሙትን እንዳጣቻቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎጎ በሚያማቸው ጉልበት ተራራ የወጡት ለማን እንደሆነ ሳይነግሩን አወቅን፤ ሀቢሶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጎጎ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን አወረዱ። «ነጩን ነው የበላችው ወይስ የተሸበሸበውን?»

እርስ በርስ ተያየን።

ከመስኮቱ ሥር በጣሳ የቆመ የአበባ አገዳ አንስተው አሳዩን። ከታች እስከ ላይ ትናንሽ አበቦች ተደርድረውበታል፤ ነጭ ሆነው ወደ ሐምራዊ የሚያደሉ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸው ላይ ቆብ ያጠለቁ የሚመስሉ፣ ከኋላቸው ደግሞ ሁለት ሁለት ቀጭን ጭራ ያወረዱ። እንዲህ ያለ አበባ አይቼ አላውቅም። ሁለቱ ቅጠሎች፣ አሉ ጎጎ፣ እንደ ጆሮ ሜዳው ላይ ተለጥፈው ይተኛሉ። ከሰዓት በኋላ ጉም ከሚወርድበት ከፍታ በታች አይበቅልም። መሬት ውስጥ ሁለት ሥር አለው። አንዱን የዘንድሮው አበባ ጠጥቶት ይሸበሸባል፤ ነጩ ደግሞ የሚመጣውን ዓመት አበባ ይዞ አጠገቡ ይሞላል። አዲሱ ሁልጊዜ ከአሮጌው ጎን ስለሚወጣ አበባው በየዓመቱ ጥቂት ይራመዳል፤ አምና ካየህበት ቦታ ላይ ቆመህ ብትፈልግ አታገኘውም።

«እኛ ዘንድ ነጩ ሆድ ልጁን እንዲይዝ ነው» አሉ። «የተሸበሸበው እንዲለቅ ነው። ምጥ ለጠናባት ሴት ነው የሚሰጠው። የትኛውን ነው የበላችው?»

ይሄ እውነት ይሁን አይሁን እኔ የማውቀው ነገር የለም። ሀቢሶ ግን ስልኩን አውጥቶ ለኤርጎጌ ደወለ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደገመ። አይነሳም።

በሩን በርግዶ ወጣና ሮጠ።

የውጭ አገር ሰው በዚህ መንገድ ላይ አይሮጥም። የሚሮጥ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ ይሰረቃል። እልል ሲሉ የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ። ከጎረምሶቹ አንዱ «ያዙት!» አለ፤ ሌላው ድንጋይ አነሳ። ነጠላ ጫማቸው መሬቱን ሲመታ ሰማሁት። እኔና ተማም ወጥተን ቆምን፤ ብንከተለው እኛንም ያባርሩናል፣ ብንቆም እሱን ያገኙታል።

«ተዉት!» የጎጎ ድምፅ ከኋላችን መጣ። ከዚያ ሰውነት እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። «እኔ ነኝ የላክሁት! ድንጋዩን ጣል፣ አንተ! ለእናትህ እነግራለሁ!»

ድንጋዩ ወደቀ። ወደ ሱቁ ስንሄድ ግን ከኋላችን ይከተሉናል፤ ሳይቀርቡ፣ ሳይርቁ።

ኤርጎጌ አልጋው ሥር ተንበርክካ ነበር። ስልኳ በሱቁ በኩል ሚዛኑ ላይ ቀርቶ ኖሯል። ጎጎ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው ጠየቋት፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«የተሸበሸበውን?» አለች ኤርጎጌ ግራ ገብቷት። «የሞተ ድንች ማን ይበላል? ለቅሜ ጣልኩት እንጂ።»

ጎጎ የቆሻሻውን ባልዲ ወለሉ ላይ ገለበጡት። ከሽንኩርት ልጣጭ መሐል ቡናማ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ፣ የአሮጌ ጓንት ጣት የመሰሉ ሥሮች ለቀሙ። እያንዳንዱን አገላብጠው አዩ። ያወጡት በገዛ እጃቸው ነውና ያውቁታል።

«ሁሉም አሉ» አሉ።

«ጌታ ይመስገን!» አለ ሀቢሶ።

«ቆይ» አሉት። የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «ነጩን እኛ በስሱ ቆርጠን እናፈላና ውሃውን ነው የምንጠጣው፤ ያውም ጉንጭ የማይሞላ። እንደ ድንች በድስት የበላ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፣ ልጄ።»

ያን ሁሉ ሰዓት ይዞን የቆየው ጎጎ ያውቃሉ የሚለው ተስፋ ነበር። አሁን የሚያውቅ ሰው የለም። ጎጎ ሆዷን በሁለት መዳፋቸው ከግራ ከቀኝ ያዙና ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ከውጭ የጎረምሶቹ ማጉረምረም ይሰማል።

እጃቸውን አነሱ። «ክሊኒክ» አሉ።

«ጎጎ፣ በሩ ላይ...» አለ ሀቢሶ።

«እዚያ በር ላይ የቆሙትን የሽንት ጨርቃቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ተነሺ።»

ተማም ነዳ። ጎጎና ኤርጎጌ ከፊት፣ እኔና ሀቢሶ ከኋላ ዱቄቱ ላይ። ተማም መሪውን እንደያዘ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በመስታወት አየሁት፤ የሚቀልደው ሰው ዱዓ ያደርጋል። ክሊኒኩ በር ላይ አምስት ስድስት ሰው ቆሟል። አንድ ወጣት እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

«መታወቂያ።»

ጎጎ መስኮቱን አወረዱ። «ሳውቦና፣ ልጄ። እናትህ እንዴት ናት?»

ሰላምታውን ሳይመልስ ማለፍ አልቻለም። መለሰና፣ «አንቺ ግቢ ጎጎ። እሷ ግን የውጭ ሰው ናት» አለ።

«ማኮቲዬ ናት።» ማኮቲ የወንድ ልጅ ሚስት ናት።

«ከመቼ ወዲህ?»

«አንተን ማማከር ነበረብኝ?»

ጎንበስ ብሎ ኤርጎጌን አያት። «ሲሲ፣ እህቴ፣ ስምሽ ማነው? የማን ቤት ነሽ?» አላት በዙሉኛ።

ኤርጎጌ የምታውቀው ዙሉኛ የዳቦና የስልክ ካርድ ዋጋ ነው። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ሀቢሶ ክንዴን ጨመቀኝ፤ ጥፍሩ ጃኬቱን አልፎ ተሰማኝ።

«አትናገርም፣ አሟታል» አሉ ጎጎ። «በዚህ ሆድ ውስጥ ያለው የኔ ነው። አንድ ነገር ቢሆን እዚህ በር ላይ ቆሜ አንተን በስምህ ነው የምጠራህ። ክፈት።»

ወጣቱ ሆዷን አየ። ጎጎን አየ። «ከኋላ ያሉት አይገቡም» አለ፤ እንዳልተሸነፈ ለማሳየት።

ወረድን። በሩ ተከፍቶ መኪናዋ ገባች፣ እኛ ከሰዎቹ ጋር ቀረን።

አጠገባችን መጥተው ቆሙ። «የስፓዛ ሰዎች ናችሁ አይደል?» አለ አንዱ። «ጃኬቱ ምንድነው? ቀብር አላችሁ?» ሳቁ። እኔ «የለም፣ ወንድሜ» አልኩ። የሀቢሶ ላብ ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ ጃኬቱን ማውለቅ ይፈራል፤ የተንቀሳቀሰ እንደሆነ አንድ ነገር የሚጀመር ይመስለዋል። ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላውቅም። በልቤ የምለው ሁሉ አልቆብኝ «እባክህ» ብቻ ቀርቶ ነበር።

የሀቢሶ ስልክ ጮኸ። ከጆሮው ሳያደርስ ጣቱ ስቶ ድምፅ ማጉያውን ነካው።

ኤርጎጌ አልተናገረችም። ከስልኩ የወጣው ሹክሹክታ የመሰለ ፈጣን ምት ነው፤ በእጅ ልብስ እንደሚፈተግ፣ ሳያርፍ፣ ሳያዛንፍ። ሁላችንም ሰማነው። ሳቅ የያዘው ሰው ፊቱን አዞረ። መታወቂያ የጠየቀን ወጣት ስልኩን እያየ ቆየና «ልብ ነው?» አለ።

«ልብ ነው» አልኩት።

ሀቢሶ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ።

ሲወጡ ኤርጎጌ ግን ስትገባ እንደነበረችው ነበረች። ነርሷ ልቡ ደህና ነው ብላለች። ሥሩን አላወቀችውም፤ ማንም አላወቀውም። ደም ካየሽ፣ ካመመሽ ተመለሺ፣ ነገ ጠዋትም ነይ ብላታለች። «ግን አሁንም አልተራገጠም ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ድምፁን ሰማሁ እንጂ እሱን አልሰማሁትም።»

ተማም መኪናዋን ጎጎ ደጅ አቆመ። እኔ ሽማግሌ ሆኜ የጀመርኩትን መጨረስ ነበረብኝ። «ጎጎ፣ በደለናል» አልኩ። «ካሣውን እርስዎ ይናገሩ። እሺ ማለት የኛ ነው።»

ጎጎ ወደ ኤርጎጌ ዞሩ።

«ያ አበባ አሁን አልቋል» አሉ። «የሚቀጥለው በጋ እስኪመጣ አይወጣም፤ ኖኩቱላ እስከዚያ አትጠብቅም። ለእሷ ያመጣሁት ሁሉ አሁን ያለው በዚህች ሴት ውስጥ ነው። ገንዘብ አልፈልግም። ትምጣና ከልጄ አጠገብ ትቀመጥ። እጇን ትያዝላት። በየቀኑ፣ ልጄ እስክትወልድ።»

ሀቢሶ ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄማ... ሚስቴን ራሷን ሙቲ ሊያደርጓት ነው! ለጸሎት ቤት ምን ብዬ እነግራለሁ?»

«በዚህ እኔ ፈትዋ አልሰጥም» አለ ተማም፤ ግን አልሳቀም።

እሺ ማለት የኛ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

«ምን አሉ?» አለች ኤርጎጌ።

ሳልቀንስ ነገርኳት።

«ልጅቷ ፈርታለች?»

«ፈርታለች።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች። ከመኪናው ወርዳ ነጠላዋን አስተካከለች። ሀቢሶ ስሟን ጠራት። ወደሱ ዞራ፣ «እዚያም ጸሎት አለ በላቸው» አለችውና ከጎጎ ጋር ገባች።

ከዚያ ያለውን በኋላ ነው የነገረችኝ። ኖኩቱላ ዓይኗን ከፍታ ተኝታለች። ቋንቋ አልነበራቸውም። ኤርጎጌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እጇን ሰጠቻት፤ ኖኩቱላ ግን ያን እጅ ወስዳ የራሷ ሆድ ላይ አደረገችው፤ የገዛ እጇንም አንስታ በኤርጎጌ ሆድ ላይ። ሁለቱም ጠበቁ። ጎጎ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ኤርጎጌ ከምሳ ወዲህ የመጀመሪያውን እርግጫ ያን ጊዜ ተሰማት፤ ከጎድኗ ሥር፣ ጠንካራ። ኖኩቱላም በመዳፏ ሰማችውና ቀና ብላ አየቻት። ኤርጎጌ እልል ማለት ፈለገች፣ ባሏን መጥራት ፈለገች። ፊቷን ግን አላበራችም። ከእጇ ሥር ያለው የኖኩቱላ ሆድ ገና ዝም እንዳለ ነበር። እጇን ሳታነሳ ጠበቀች።